ከቤዝቦል ሜዳው የላክሁት ፎቶግራፍ

ከአምቦ በወጣሁበት ዕለት ዋዜማ ምሽት ማንም አላለቀሰም። የሌሎች ስደተኞች ታሪክ በልቅሶ ይጀምራል፤ እኔ ግን ያን ምሽት ስደተኛ መሆኔን አላውቅም ነበር። መሥሪያ ቤቴ ለስድስት ወር የመስኖ ትምህርት ወደ ጣሊያን አገር ሊልከኝ ነበር፤ ጥቅምት ላይ ሄጄ ሚያዝያ ላይ ልመለስ። እናቴ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ወፍራሙን ሹራቤን አወጣችና መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ክረምት ሳይገባ ስለምትመለሺ ምንም አያደርግልሽም አለችኝ። ለእሷ ብርድ ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በአየር ንብረት ተፈትኜ፣ ዝም ብዬ ሰማኋት። ኅዳር ላይ ሮም ውስጥ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ያ ሹራብ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ያን ምሽት ሊሰናበቱኝ የመጡት ጋሽ ከድር ብቻ ነበሩ። ጋሽ ከድር ገበያው አጠገብ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ አቡጀዲና ጨው የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው። አምቦ የመጡት በልጅነታቸው ስለሆነ ሲነግዱ በአማርኛ፣ ሲጣሉ በኦሮምኛ፣ ሲጸልዩ በዓረብኛ ነበር። ከአባቴ ጋር ወዳጅነታቸው እኔ ከመወለዴ በፊት የጀመረ ነው። በዚያ ዕለት ጠዋት ደግሞ ዋሴ ሆነው ነበር።

ያን ጊዜ ያልኖረ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። በደርግ ዘመን ለትምህርት ከአገር የሚወጣ ሰው በጊዜው እንደሚመለስ የሚፈርምለት ዋስ ያስፈልገው ነበር። ባይመለስ የሚያዘው ዋሱ ነው። የሥጋ ዘመድ ዋስ መሆን አይችልም ስለተባለ፣ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነው አባቴ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ከድር ማንም ሳይለምናቸው ወንበር ሳቡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወረቀቱን እየገፋላቸው፣ ልጅቷ ብትቀርስ ብሎ ጠየቃቸው።

«የት ትቀራለች?» አሉ። «ሱቄ መጥታ ስኳር ለመጠየቅ እንኳ ሰው እስኪወጣ በር ላይ የምትቆም ልጅ ናት። የሰው አገር ላይ ምን አፍ አላትና ትቀራለች?»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ወለሉን እያየሁ ሳቅሁ። ዓይናፋርነቴን መያዣ አድርገው ፈረሙ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ጊንጪ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። መንገዱን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚመለስ ሰው መንገድ አያይም።

ጣሊያን መጀመሪያ ላይ ደግ ነበረች። እኔን የአምቦዋን ልጅ ያሳቀኝ የመጀመሪያው ነገር ውሃው ነው። ምግብ ቤት ስትቀመጡ አስተናጋጁ ውሃው ጋዝ ያለው ይሁን የሌለው ብሎ በክብር ይጠይቃችኋል። ልጅ ሳለን ከጓሮ እንደ መጣ የምንጠጣው፣ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ውሃ እዚህ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል። ቀመስሁት፤ ከእኛው ጋር ሲተያይ የሞተ ነው። ምግባቸው መልካም ነው፤ ግን ምንም አይናገርም። ፓስታውን ሦስት ቀን በተከታታይ ስበላ ምላሴ የሚያነጋግረው ያጣ ሰው ሆነ።

ትምህርቱ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው የአባቴ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤ እየተከፈተ እንደሚነበብ ስለሚያውቅ በጥንቃቄ ነበር የጻፈው። «ጎጆ የዘራሽው ገብስ እንደገና እየተቆጠረ ነው። አንዱ ነዶ ተገኝቷል፣ ሌሎቹን ይፈልጋሉ። አጨዳው ላይ ባትደርሺ ይሻላል።» ይላል። እኔ ጎጆ ውስጥ ገብስ ዘርቼ አላውቅም።

ጎጆ ከአምቦ በስተሰሜን ያለች፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባት ብርዳም ከተማ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ በግብርና ባለሙያነት የተመደብሁት እዚያ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ የወጣቶቹን መዝገብ እንድጽፍ ታዘዝሁ። የገጠር ልጅ የልደት ወረቀት የለውም፤ እናቱ መጥታ ነው የምትናገረው። አንዷ «ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ወለድሁት» ትላለች። ጎጆ ላይ ውርጭ ገብስ የመታው አንድ ጊዜ አይደለም። እናቲቱ ዓይን ዓይኔን እያየች ቆማለች፣ እኔ ደግሞ የትኛው ውርጭ ነው ብዬ መጠየቅ አለብኝ። አልጠየቅሁም። ልጁን ነፃ የሚያወጣውን ውርጭ ራሴ እየመረጥሁ ጻፍሁ። አሥራ አንድ ልጆች እንደዚያ አደረግሁ። አንዱ ሚስትና ሁለት ልጆች እያሉት በእኔ መዝገብ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የተገኘው ነዶ እሱ ነው። የቀሩት አሥሩ እነማን እንደሆኑ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ብመለስ ይይዙኛል፤ ይዘውም አሥሩን ስም ይጠይቁኛል። ጀግና ሰው ዝም ይላል ይባላል። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ መምህር ቆጣ ሲል ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ፤ ቢመቱኝ እናገራለሁ። ባልመለስ ደግሞ ጋሽ ከድር አሉ።

ጓደኞቼ በጊዜው ወደ አገር ሲመለሱ እኔ ከሮም በስተደቡብ ባለች አንዲት የባሕር ዳር ከተማ፣ አንዲት የአሥመራ ሴት ባገኘችልኝ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሲኞራ ፒና የሚባሉ መበለት ናቸው። ሰነድ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ በሂደት ላይ ነው አልኳቸው። «እዚህ አገር ሁሉም ነገር በሂደት ላይ ነው» አሉኝ። «የእኔ ቧንቧ ባሌ ከሞተ ጀምሮ በሂደት ላይ ነው። ግቢ።» በርበሬዬን ያሸተቱ ዕለት ሲያስነጥሱ ቆይተው ይህ ዱቄት በሕግ የተፈቀደ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ እንድሠራ ተስማማን።

ሰነዱን ለማግኘት ኩዌስቱራ ወደሚሉት ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ በቃሌ ሳጠና ነበር ያደርሁት። ሹሙ ምን እንደሆንሁ ጠየቀኝ፤ ስደተኛ ነኝ አልሁ። ከየት ሲለኝ ከኢትዮጵያ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ሕጉ ስደተኛ የሚለው ከፖላንድ፣ ከሃንጋሪ፣ ከሩማንያ ሸሽቶ የመጣውን አውሮፓዊ ነው አለኝ። እኔም በሕይወቴ ደፍሬ የማላውቀውን ደፈርሁና የእኛም መንግሥት እንደ እነዚያ ነው፤ የማርክስና የሌኒን ምስል አደባባያችን ላይ ተሰቅሏል አልሁት።

«ያሳዝናል» አለ ከልቡ። «ግን የተሰቀለው አፍሪካ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?»

መዝገቡን ዘጋ። «ቱሪስት ነሽ፣ ሲኞሪና። ጊዜዋ ያለፈባት ቱሪስት።»

የክፍሌ መስኮት የከተማውን መናፈሻ ያያል። ፓርኮ ኮሙናሌ ይሉታል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የአምቦን መናፈሻ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ዛፉ ብቻ ነው የተለየው። በእኛ ሾላ ፈንታ ጃንጥላ የመሰለ ጥድ፣ ከጥዱ ሥር ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች፣ አግዳሚ ላይ የተጣሉ ፍቅረኞች። ከመናፈሻው ጥግ ግን ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር፤ የቤዝቦል ስታዲየም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያ ባሕር ዳር የወረዱ የአሜሪካ ወታደሮች ጨዋታውን አስተምረዋቸው ሄዱ። ወታደሮቹ ሄዱ፣ ጨዋታው ቀረ። የከተማው ሰው እግር ኳስን ትቶ ለዚህ ያብዳል። ሥጋ ሻጩ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ማታ ማታ መለያ ለብሰው ይመጣሉ።

የሜዳው ጠባቂ ሲኞር አልዶ ጉልበታቸው የታመመ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አፈሩን ሳይ አገኙኝ። ሣሩ መካከል ያለው መሮጫ ቀይ አፈር ነው፤ የጉደር መንገድ ዳር ያለውን አፈር ፈጭቶ የነፋው ሰው ያለ ይመስላል። ውሃ ሲያጠጡት እያበዙበት ነበርና፣ አፈሩ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ በተሰባበረ ጣሊያንኛ ነገርኋቸው። ከዚያ በላይ ምንም አላልሁም። በማግስቱ አፈር የምደለድልበት መሰቅሰቂያ ሰጡኝ። ማዘጋጃ ቤቱ የማያውቀኝ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሆንሁ። አፈሩን እሰቀስቃለሁ፣ ከጨዋታ በፊት አርሳለሁ፣ ከዚያም ሲባጎ ወጥሬ በኖራ ነጩን መስመር አሰምራለሁ። መስመር ማስመር የአባቴ ሙያ ነው። ተጫዋቾቹ መስመሬን ላለመርገጥ እየዘለሉ ሲገቡ ደስ ይለኝ ነበር።

ጨዋታውን አልዶ ሊያስረዱኝ ደክመዋል። ገና ጨዋታን አስቡ፤ ዱላና ኳስ አለ፣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመታም፣ ጌታና ሎሌም አይሰዳደቡበትም። አንዱ ይመታል፣ ሦስቱን ማዕዘኖች ዞሮ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ ከተነሳበት ቦታ ይደርሳል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። ይህ ሰው ከተነሳበት ከተመለሰ ምኑን አተረፈ ብዬ ጠየቅኋቸው። መመለሱን ነዋ አሉኝ። የውሃውን ጎማ ጎትቼ ሄድሁ።

በዚህ መካከል ሚያዝያ አለፈ። ከአባቴም ከጋሽ ከድርም ምንም አልሰማሁም። ዝምታው አላስተኛ አለኝ። ጋሽ ከድር ምን ያስባሉ፣ ከዳችኝ ብለው ይሆን፣ እያልሁ እገላበጣለሁ። ሊጻፍ የማይቻል ነገር ነበር፤ ለምን እንደ ቀረሁ ብነግራቸው ደብዳቤው ይነበባል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፣ ፎቶግራፍ ላክሁ።

የከተማው ቡድን ያሸነፈ ዕለት ፎቶ አንሺ መጥቶ ነበር። አልዶ ጎትተው ከጎናቸው አቆሙኝ። ሲኞራ ፒና መስኮት ላይ ሆነው አይተውኝ ኖሮ፣ ይህን አሮጌ ጃኬት ለብሰሽ አትነሺም ብለው የራሳቸውን ኮት ይዘው ወረዱ። እኛ አገር ፎቶ እንዴት እንደምንነሣ ታውቃላችሁ፤ በጥምቀት ማግስት ተውሰን ለብሰን፣ ወገባችንን ይዘን፣ የሌለንን ሁሉ መስለን ነው። እንደዚያው ቆምሁ። ከኋላዬ አረንጓዴ ሣር፣ ቀይ አፈር፣ ያሰመርሁት ነጭ መስመር፣ ሰው የሞላበት ስታዲየም። ፎቶ አንሺው አንድ ነገር ተናገረ፤ አልዶ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከጀርባው «ለጋሽ ከድር፣ ደህና ነኝ፣ አያስቡ» ብዬ ጻፍሁና በሱቃቸው አድራሻ ላክሁ። እንዲያርፉ ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ የተጠነቀቅሁ ሰው ያን ያህል ሳልጠነቀቅ ያደረግሁት ሌላ ነገር የለም።

ፎቶውን በላክሁ በሁለት ሳምንቱ የአባቴ ደብዳቤ በሰው እጅ መጣልኝ። መንገደኛው ሮም ውስጥ ሲፈልገኝ ሲንከራተት ቆይቶ በአሥመራዋ ሴት በኩል ነበር ያገኘኝ። ፖስታው ሳይነካ የመጣ ስለሆነ አባቴ በግልጽ ጽፏል። ቀኔ ያለፈ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ከድርን አስጠርቶ የት አለች ሲላቸው፣ ጋሽ ከድር ዓይናቸውን ሳያሹ ልጅቷ ኩላሊቷን ታማ ጣሊያን ሆስፒታል ተኝታለች ብለዋል። አባቴም ነው ብሎ መስክሯል። እስክትድን ድረስ ታግሰዋቸዋል። «አደራ» ይላል ደብዳቤው፣ «ለማንም ስትጽፊ ታምሜአለሁ በዪ። ጋሽ ከድር አንቺን በሽተኛ አድርገው ነው የተቀመጡት።»

ቀን ቆጠርሁ። ፎቶግራፉ አምቦ ደርሷል።

የሆነውን በሚቀጥለው ደብዳቤ አነበብሁ። ጋሽ ከድር ፎቶውን ደብቀውት አልነበረም። እንዴት ይደብቁታል? የሱቃቸው መደርደሪያ መስታወት ላይ፣ የመካ ሥዕል ካለበት አጠገብ ለጥፈውት ለገዢ ሁሉ ሲያሳዩ ነበር። ፎቶውን ሲያዩ ኩላሊቴን ረሱት። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ምስማር ሊገዛ ገባ። ይህች ማን ናት አላቸው። የኦቦ ደበላ ልጅ፣ የእኛዋ ሌንሴ፣ አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የገባቸው። ሊቀመንበሩ ፎቶውን ከመስታወቱ ላይ አነሣና ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ትክ ብሎ አየው።

«ጋሽ ከድር» አላቸው፣ «እዚህ ላይ በሽተኛዋ የትኛዋ ናት? ሽማግሌው ነው?»

ያኑ ዕለት ወሰዷቸው። ሱቁ ታሸገ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ስንቅ ይዘው ሲሄዱ አባቴ አብሮ ይሄዳል፣ በር ላይ ይቆማል፣ አያስገቡትም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በትክክል መጻፍ አልችልም። ሮም ሄጄ ኤምባሲው በር ድረስ ደርሻለሁ። ባንዲራውን አየሁት። እገባለሁ፣ ተመልሻለሁ እላለሁ፣ ጋሽ ከድር ይፈታሉ። ከዚያ የሚመጣውን አሰብሁ። ከጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ሰው ያን መዝገብ ይገልጥና አሥሩን አሳዪኝ ይለኛል። ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው የቆሙት እናቶች ትዝ አሉኝ። ተመለስሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት መሐረብ ሰጠችኝ፤ እያለቀስሁ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እውነተኛ በሽተኛ ልሁን። የከተማው ሐኪም የቡድኑም ሐኪም ስለሆነ ያውቀኛል። ኩላሊቴን አመመኝ አልሁት። ጀርባዬን መታ መታ አደረገ፣ ሽንቴን መረመረ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ እንደገና አየኝ። ኩላሊትሽ ከእኔ ኩላሊት ይሻላል አለኝ። ትንሽ ሕመም እንኳ አይገኝበትም ወይ ብዬ ለመንሁት። ሌላ ቦታ እንዲፈልግልኝ፣ ሳንባዬን፣ ጉበቴን፣ ያገኘውን ሁሉ እንዲያይልኝ ለመንሁት። መነጽሩን አወለቀ።

«ሲኞሪና፣ ሰዎችን ጤነኛ ናችሁ ስላቸው ይስሙኛል። አንቺ ታለቅሻለሽ።»

የሌለውን መጻፍ አልችልም አለ። ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ሐቀኛ ሰው ጠላሁ።

ሜዳው ላይ ሦስተኛው ማዕዘን አጠገብ መከላከያ መረቡ የተቀደደበት ቦታ አለ። አልዶ እዚያ ስሠራ ሁልጊዜ «አቴንታ» ይሉኛል፤ ተጠንቀቂ ማለት ነው። ኳሱ ሲያዩት ጨርቅ ይመስላል፤ ሲመታ ድንጋይ ነው። በአንድ የልምምድ ቀን መሰቅሰቂያዬን ይዤ እዚያ ቆምሁ። አፈር የምሰቀስቅ መስዬ ቆምሁ። አንድም ኳስ አልመጣም። በማግስቱ አንድ መጣ፤ ሰውነቴ ሳላዘው ጎንበስ አለ። ጎንበስ ብዬ እንደቀረሁ አፈሩን በጡጫዬ መታሁት። ለፍርሃቴ ጋሽ ከድር መታሰር ነበረባቸው?

በሦስተኛው ቀን ራሴን ማመን ትቼ እጄን ብቻ አመንሁ። የፀጉር ቆራጩ ልጅ የመታው ኳስ እያፏጨ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ ግራ እጄን ዘረጋሁ። የተሰማው የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነበር። ተጫዋቾቹ ልቀልበው የሞከርሁ መሰላቸውና አጨበጨቡልኝ፣ «ብራቫ!» አሉኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልዶ ጉልበታቸውን እየጎተቱ መጡ፤ አላጨበጨቡም። አጠገቤ ተቀመጡና ቀስ ብለው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ከኳስ የሚሸሽ ሰው ብዙ እንዳዩ፣ እጁን የሚሰጥ ግን እንዳላዩ ነገሩኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ሐኪሙ እጄን በጀሶ ጠቀለለ። ከዚያ ብዕሩን አነሣ። እዚህ አገር ሐኪም በሽተኛው በስንት ቀን እንደሚድን መጻፍ አለበት። አርባ ቀን ነው አለኝ። ስንት መጻፍ እንደሚቻል ጠየቅሁት። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ያን የኩላሊት ቀን ያስታወሰ መሰለኝ።

«ለማን ነው የሚነበበው?» አለኝ።

«አንድ ሰው ለማስፈታት ነው።»

ስብራቱ ውስብስብ ነው፣ ረጅም ክትትል ያስፈልገዋል፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ መጓዝ አትችልም ብሎ ጻፈ። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ማኅተም አስደረግሁበት። ሲኞራ ፒና ማኅተሙ ደብዛዛ ነው ብለው ተመልሰው ሄደው ተጨቃጭቀው ሁለተኛ አስመቱበት። ኩላሊቷ ድኖ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትነሣ እጇ ተሰበረ የሚል ደብዳቤ አክዬ፣ ከጀሶው ጋር የተነሣሁትን ራጅ ጨምሬ፣ ለቀበሌው እንዲሰጥ ለአባቴ ላክሁ። ራጅ ላይ ማንም አይስቅም።

ክረምቱ ያለ መልስ አለፈ። የእነሱ በጋ ነው፣ ሰው ሁሉ ባሕር ውስጥ ነው፣ እኔ ግን አምቦ ላይ የሚጥለው ዝናብ ይሰማኝ ነበር። የእስር ቤቱ ጣሪያ ያፈስስ ይሆን እያልሁ። ጋሽ ከድር አስም አለባቸው። ጀሶዬ ሲፈታ እጄ ቀጥኖ፣ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ወጣ። መስከረም ላይ የአባቴ አጭር ወረቀት መጣ፤ የስልክ ቀጠሮ ነበር፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት አምቦ ቴሌ ደውዪ ይላል።

ስልክ ቤቱ ውስጥ ሰባት ሣጥኖች አሉ። አራተኛው ውስጥ አስገቡኝ። መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ የአምቦዋ ስልክ ሠራተኛ ድምፅ፣ ከዚያ የአባቴ ሳል። «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው እየተቆራረጠ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰ። እናቴ ደህና ናት፤ ዝናቡ ዘንድሮ በዝቷል፤ የሁሉቃ ወንዝ ድልድዩን ሊነካ ደርሷል። እኔ አንድ ነገር ብቻ መስማት እፈልጋለሁ፤ መጠየቅ ግን ፈራሁ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ሰማሁ።

«ልጄ» አለ ሌላ ድምፅ። ከስቷል፣ ግን ያው ነው። «ያን ፎቶ አልመለሱልኝም። ሌላ ተነሽና ላኪልኝ። ብቻ ከትከት ብለሽ አትሳቂበት።»

ጋሽ ከድር ነበሩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሳል ያዛቸው፤ ሲያስሉ ቆይተው አላህ ያሽርሽ ብለውኝ ስልኩን መልሰው ሰጡ። ሰነፍ ነኝ፤ ያን ያህል የተዘጋጀሁበትን ቃል ሳልናገረው ቀረሁ።

ጋሽ ከድር የተፈቱት ከትናንት በስቲያ ነው አለኝ አባቴ። ወረቀቱንና ራጁን ተቀብለዋል። እስክድንና እስክመለስ በዋስ ነው የለቀቋቸው።

«ዋሱ ማን ነው?» አልሁት።

 ከኋላው የስልክ ቤቱ ሰው ሲነጋገር ይሰማኛል።

«ለእሱ እኮ የሥጋ ዘመድ አይደለሁም» አለኝ። «ስለዚህ እንድፈርም ፈቀዱልኝ።»

የሣጥኑን ግድግዳ ደገፍሁ። «አባዬ» አልሁት። እመጣለሁ ልለው ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ። ስልክ የሚያዳምጠው ሰው እንዲሰማ ይሁን ወይም እኔ ብቻ እንድሰማ፣ እስካሁን አላውቅም፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በነበረበት ዘመን ድምፁ፣ ቃል ቃሉን እየለየ ነበር የተናገረው።

«እጅሽ እንዴት ነው? ተሻለሽ?»

«ገና ነው፣ አባዬ።»

«ጎሽ» አለኝ። «አይቸኩል። ቀስ ብሎ ይዳን።»

መስመሩ ተዘጋ። ተራ የሚጠብቀው ሰው መስታወቱን ሲያንኳኳብኝ፣ ስልኩን በዚያው በግራ እጄ ጨብጬ፣ እጀታውን ማውረድ አቅቶኝ ቆሜ ነበር።